የአራት ዓመቱን ትምህርት በአሥራ ሦስት ዓመት

ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሌጅ ተመዝግቤ ክፍል የገባሁት በ2007 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት ደግሞ በ2020 ግንቦት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በመካከሉ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፣ ሌሊት ሠርቼ ቀን ተምሬአለሁ፣ የአባቴን ቀብር ሳልደርስ ቀርቻለሁ፣ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም ትምህርቴን ጨርሶ አቋርጫለሁ። ይህን የምጽፈው አሁን በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ላሉ፣ በተለይም እንደ እኔ በዲቪ መጥተው ሥራና ትምህርትን አንድ ላይ ለያዙ እህቶችና ወንድሞች ነው። ሥራና ልጅ የወሰዱብኝ ዓመታት አይቆጩኝም። የሚቆጨኝ ሐፍረት የወሰደብኝ ነው፤ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው አራት ዓመት ገደማ ይሆናል፤ አንድ ቢሮ ገብቼ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ስላቃተኝ ብቻ ያለፈ አራት ዓመት።

ያደግኩት ደሴ ነው። አገር ቤት ሳለሁ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ሁለት ዓመት ተምሬ ሦስተኛውን ስጠብቅ ዲቪ ደረሰኝ። የቀረኝን አሜሪካ ሄጄ በአንድ ሁለት ዓመት እጨርሰዋለሁ ብዬ ስላሰብኩ፣ በችኮላውም መካከል ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ትራንስክሪፕቴን እንኳ ሳልጠይቅ፣ በ2006 ጥር ወር በሃያ ሁለት ዓመቴ አሌክሳንድሪያ ገባሁ። የተቀበለችኝ የአክስቴ ልጅ ጥቂት ሳምንታት የሚፈጀውን የነርሲንግ አሲስታንት ሥልጠና አስመዘገበችኝ፤ ፈተናውን አልፌ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ሥራ ያዝኩ። ለግዛቱ ነዋሪዎች የሚጠየቀውን ዝቅ ያለ የትምህርት ክፍያ ለማግኘት በግዛቱ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ስለሚያስፈልግ፣ ያን ዓመት እየሠራሁና እንግሊዝኛዬን እያሻሻልኩ ቆየሁ። ይህ መዘግየት በጤና የዘገየሁበት ነው፤ አሁንም ለአዲስ መጪ ሁሉ የምመክረው ነው።

ስለ ትምህርት የማውቀው ሁሉ ከዘመድና ከሥራ ባልደረቦች የሰማሁትን ብቻ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አስበው አልነበረም፤ እያንዳንዱ በራሱ ላይ የደረሰውን ነው የነገረኝ። አንዷ ዜግነት ሳላገኝ መንግሥት ለትምህርት እንደማይረዳኝ ነገረችኝና አምኜ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ከፈልኩ። እውነቱ ግን ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን ማመልከቻ ሞልቶ የፌዴራል እርዳታ መጠየቅ፣ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነም የማይመለሰውን ፔል ግራንት ማግኘት ይችላል። ሃያ አራት ዓመት ያልሞላው፣ ያላገባና ልጅ የሌለው ተማሪ በአብዛኛው ወላጆቹ ኢትዮጵያ ቢኖሩም እንኳ የእነርሱን ገቢ በማመልከቻው ላይ ማስፈር ይጠበቅበታል፤ ይህን ሳያውቁ ማመልከቻቸው ጎድሎ ዓመት ያለፋቸው ልጆች አጋጥመውኛል። ሌላዋ ባልደረባዬ ደግሞ «እዚህ አገር ነርስ ካልሆንሽ ምን ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። እኔ የምወደው ቁጥር ነበር፤ ነገር ግን በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ የተመዘገቡት ለነርሲንግ ስለነበር እኔም ለነርሲንግ ተመዘገብኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ደህና ሄደ። ወደ ዲግሪ የማይቆጠሩትን የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ክፍሎች ጨርሼ፣ ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ኬሚስትሪና የመጀመሪያውን አናቶሚ ወስጄ እስከ 2008 ሐምሌ ድረስ 20 ክሬዲት ያዝኩ። ነገሩ የተበላሸው ለማፍጠን ስሞክር ነው። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆንሽ ሙሉው እርዳታ ይሰጥሻል ተብዬ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ 16 ክሬዲት ተመዘገብኩ። በዚህ አገር ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 11 እስከ ጠዋቱ 7 በመንከባከቢያው እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ጥቅምት ላይ በአናቶሚ ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ራሴን ክንዴ ላይ ደገፍ አድርጌ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ እየወለወሉ ነበር፤ ማንም ምንም አላለኝም። በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ገብቼ ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ተውኳቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ደረሰብኝ፤ ሁለት ክፍል ብቻ ትቼ ሁለቱን ብይዝ ኖሮ ከዚህ በኋላ የምጽፈው አብዛኛው ነገር ባልደረሰ ነበር።

ያን ቀን ያላወቅኩት አንድ ሕግ ነበር። የፌዴራል እርዳታ ተቀብሎ የሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ሙሉ በሙሉ ያቋረጠ ተማሪ ገንዘቡ የሚገባው በተማረበት ጊዜ ልክ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ኮሌጁ ለመንግሥት ይመልሳል፤ የጎደለውን ደግሞ ተማሪው ለኮሌጁ እንዲከፍል ይጠየቃል። እኔ ላይ የመጣው 1,140 ዶላር ነበር። እስክከፍል ድረስ ስሜ ላይ እገዳ ተደረገበት፤ መመዝገብም ሆነ ትራንስክሪፕት ማውጣት አልችልም። ስለዚህ ክፍል ከመተዋችሁ በፊት፣ የፈለገውን ያህል ብትደክሙ፣ ወደ እርዳታ ክፍሉ ሄዳችሁ «ዛሬ ባቋርጥ ስንት እከፍላለሁ? ሁለት ሳምንት ብቆይስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ መልሱ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው።

ከኮሌጁ የሚመጡትን ፖስታዎች መክፈት አቆምኩ። አርማው ያለበትን ነጭ ፖስታ ከሳጥኑ ሳወጣ እጄ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ሳልከፍተው ወጥ ቤት ካለው መደርደሪያ፣ ከበርበሬው ጣሳ ኋላ እከተዋለሁ። ከጊዜ በኋላ ፖስታው ቀለሙን ለወጠ፤ ከኮሌጁ ሳይሆን ከዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት መሆን ጀመረ፤ እርሱንም እዚያው ከተትኩት። ከእነዚያ ፖስታዎች በአንዱ ውስጥ ዕዳውን በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል እንደሚቻል ተጽፎ ነበር። ይህን ያነበብኩት ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቼ ነው።

ሐፍረቱ ከወጥ ቤቱ አልፎ ኑሮዬን ሁሉ ያዘው። ግንቦትና ሰኔ በእኛ ማኅበረሰብ የምርቃት ወራት ናቸው፤ በየሳምንቱ የአንዱ ልጅ፣ የአንዷ ጓደኛ ድግስ አለ። አብረውኝ የመጡት ሲመረቁ «አንቺስ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ስላስፈራኝ ሥራ ገባሁ እያልኩ መቅረት ጀመርኩ። እናቴ በየእሑዱ ስትደውል መጀመሪያ ጤናዬን፣ ቀጥሎ «ምርቃቱ ዘንድሮ ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች። በ2009 «አንድ ዓመት ቀርቶኛል» አልኳት፤ በ2010ም እንዲሁ አልኳት፤ ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን በሽታው የራሴ ሲሆን ነው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። መድኃኒቱን ሊሰጡኝ የሚችሉትን ሰዎች ሁሉ እየሸሸሁ ነበር፤ የምርቃቱ ድግስ ላይ ያልሄድኩት፣ እንደ እኔ ያለ ዕዳዋን ቀድማ ከፍላ ወደ ትምህርቷ የተመለሰች ልጅ ቤት እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው።

በ2011 ጸደይ ባለቤቴ ቡና ሊያፈላ ዕቃ ሲፈልግ ፖስታዎቹን አገኛቸው። የመጀመሪያ ልጃችን ያኔ ዓመት አልሞላትም። አልተቆጣም፤ ጠረጴዛው ላይ አውጥቶ አንድ በአንድ እየከፈተ በቀናቸው ደረደራቸውና «ይኼ እኮ ገንዘብ ነው፤ ወንጀል አይደለም» አለኝ። የዕዳ ሰብሳቢው ክፍያ ተጨምሮበት 1,400 ዶላር አልፎ ነበር። በመንከባከቢያው የምንሠራ ሴቶች የምንጥለው እቁብ ነበረን፤ ዕጣው የደረሳት ጓደኛዬ ተራዋን ለቀቀችልኝ፤ ሰኔ ላይ ዕዳውን ዘጋሁ፤ እገዳው በሳምንቱ ተነሣ። ሦስት ዓመት ሊሞላ የተቃረበው ፍርሃት በአንድ የስልክ ጥሪና በአንድ የእቁብ ዕጣ አለቀ።

ተመልሼ አንድ ዓመት ያህል ከነርሲንግ ጋር ታገልኩ። ሁለተኛውን አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂን አለፍኩ፤ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። በ2012 አንዲት የኮሌጁ አማካሪ ፊት ተቀምጬ፣ በዚህ አገር በስድስት ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉን ነገር ተናገርኩ፦ ያቋረጥኩትን፣ ዕዳውን፣ አገር ቤት የተማርኩትን። እርሷም «የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕትሽ የት አለ?» አለችኝ። የትም አልነበረም። የውጭ አገር ትምህርት በየኮርሱ ተገምግሞ ክሬዲት ሊሆን እንደሚችል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚከስሩት በዚህ ነውና። ግምገማውን የሚሠሩት ናሴስ በሚባለው ማኅበር ውስጥ የታቀፉ ድርጅቶች ናቸው፤ ኮሌጃችሁ የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ዲፕሎማችሁ ከምን ጋር እንደሚመጣጠን ብቻ ይናገራል፤ ለኮሌጅ ክሬዲት የሚያስፈልገው ግን እያንዳንዱን ኮርስ በስሙ፣ በክሬዲቱና በውጤቱ የሚዘረዝረው ነው። ትራንስክሪፕቱም በተማሪ እጅ ያለ ቅጂ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው አሽጎ የሚልከው መሆን አለበት። እኔ የወጪ መጋራት ውል ፈርሜ የወጣሁ ስለነበርኩ ወንድሜ መጀመሪያ ያንን ዕዳ ከፈለልኝ፤ ከዚያ ሬጅስትራሩ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አስላከልኝ። ውጤቱ ሲመጣ 21 ክሬዲት ተያዘልኝ፤ ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ ግን አሜሪካ ገብቼ ከኪሴ ከፍዬ ዳግመኛ የተማርኳቸው ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስና እንግሊዝኛ ሆነው ተገኙ። አሥራ ሁለቱ ብቻ ጠቀሙኝ። አገር ቤት ያላችሁና ለመውጣት በሂደት ላይ ያላችሁ፣ ከሻንጣችሁ በፊት ትራንስክሪፕታችሁን አስቡ።

ትራንስክሪፕቱን ለመጠየቅ ደግሞ ለምን እንደፈለግኩት ለቤተሰቤ መናገር ነበረብኝ። ለእናቴ እያለቀስኩ፣ አንድ ዓመት ቀረኝ ያልኳት ውሸት እንደሆነ፣ ገና ግማሹን እንኳ እንዳልደረስኩ ነገርኳት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች። ከዚያም «እኔ ስንት ዓመት ቀረሽ አልኩሽ እንጂ ፍጠኚ አላልኩሽም፤ አሁን እየተማርሽ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል» አለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ስምንት ዓመታት ስለ ምርቃት አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ «በዚህ ሴሚስተር ምን እየተማርሽ ነው?» ነበር የምትለኝ፤ የኦዲትንና የግብርን ትምህርት ስነግራት እንደሚገባት ሁሉ በጥሞና ታዳምጠኝ ነበር። ዘመድ ወይም ጓደኛ የሚማርባችሁ ሁሉ ጥያቄያችሁን እንደ እናቴ እንድታደርጉት እለምናችኋለሁ፤ ተማሪው ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ ይህ ነው።

ዋናውን ትምህርቴን ወደ ሒሳብ አያያዝ ቀይሬ ነገሩ መልክ ሲይዝልኝ በ2013 ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ የገንዘብ እርዳታዬ ታግዷል ይላል። ይህ ከትምህርት እድገት መለኪያ ጋር የተያያዘ ነው። እርዳታ የሚወስድ ተማሪ አማካይ ውጤቱ ኮሌጁ ከወሰነው፣ ብዙ ጊዜ ከ2.0፣ እንዳይወርድ፣ ከተመዘገበው ክሬዲት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን እንዲያልፍ፣ በጠቅላላው ደግሞ ለዲግሪው ከሚያስፈልገው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ እንዳይመዘገብ ይጠበቅበታል። ለ60 ክሬዲት ዲግሪ ጣሪያው 90 ነው፤ ለ120ው 180 ነው። የተዋችኋቸውና ትራንስክሪፕት ላይ ደብልዩ ተብለው የሚቀመጡት ክፍሎችም ይቆጠራሉ። በ2008 በአንድ ምሽት የተውኳቸው 16 ክሬዲቶች ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ያዙኝ።

ደብዳቤውን ይዤ ኮሌጁ ድረስ ሄድኩ፤ መኪናዬን አቁሜ አርባ ደቂቃ ያህል መሪው ላይ እጄን አድርጌ ተቀምጬ፣ ሳልወርድ ወደ ቤት ተመለስኩ። በማግስቱ ባለቤቴ ከልጃችን ጋር አብሮኝ መጣ፤ እነርሱ መኪና ውስጥ ሲጠብቁኝ ማፈግፈግ አልቻልኩም። መስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ሠራተኛ ስሜን አይታ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና የትኛው ቁጥር እንደጎዳኝ በጣቷ አሳየችኝ፤ ከዚያ የይግባኝ ቅጹን ሰጥታኝ እስከ ዓርብ እንዳደርስ ነገረችኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እንዲህ ያለ ይግባኝ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ያኔ ምን ሆነሽ ነበር፣ አሁንስ ምን ተለውጧል። እኔ ይቅርታ መለመኑን ትቼ የዚያን ጊዜ የሥራ ሰዓቴን የሚያሳይ ከአሠሪዬ የተጻፈ ወረቀት፣ የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከተመለስኩ ወዲህ ያለፍኳቸውን ክፍሎች ውጤትና ከአማካሪዋ ጋር ያዘጋጀሁትን የቀሪ ኮርሶች ዕቅድ አያያዝኩ። በሦስተኛው ሳምንት ተፈቀደልኝ። ደብዳቤ ሲመጣባችሁ፣ እባካችሁ፣ በዚያው ሳምንት ክፈቱት፤ የይግባኝ ቀን አለው።

በ2014 የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ከ77 ክሬዲት ጋር ያዝኩና ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛወርኩ። በቨርጂኒያ የሚገኙ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የዝውውር ስምምነት አላቸው፤ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ጨርሶ የሚሄድ ተማሪ በመካከል ጥሎ ከሚሄደው የተሻለ ይስተናገዳል። ከያዝኩት ውስጥ 56 ለአዲሱ ዲግሪ ተቆጠረልኝ፤ አናቶሚውና ማይክሮባዮሎጂው ከሌሎች ሁለት ኮርሶች ጋር ሆነው 21 ክሬዲት ለዲግሪው የማይጠቅሙ ተባሉ። በጣም አዘንኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፍጥነት ያለበት ኑሮ አልነበረም፤ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ፣ ከዚያ በላይ አንድም ቀን አልሞከርኩም። የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ሰንሰለት ነው፤ የመጀመሪያውን መካከለኛ ደረጃ ሳታልፉ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ሳታልፉ ከፍተኛውንና ኦዲቱን መውሰድ አትችሉም፤ አንዳንዱ ኮርስ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ መመረቂያ ዓመቴን የሚወስነው የክሬዲቱ ብዛት ሳይሆን የሰንሰለቱ ርዝመት እንደሆነ ስረዳ፣ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ቀሪዎቹን ሴሚስተሮች እስከ መጨረሻው ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ሰንሰለቱ ላይ ያሉትን በቀይ ጻፍኳቸው፤ ቀዩ አይነካም፤ ሌላው ግን ልጅ ሲታመም ወይም ሥራ ሲበዛ ይገፋል። አባቴ በ2015 ሲያርፍ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፤ ያን ጊዜ ጥቁሩን ኮርስ ትቼ ቀዩን ይዤ ቆየሁ፤ ቢሮውንም አስቀድሜ ጠይቄ ስለነበር ዕዳ አልመጣብኝም።

የማጠናው ሌሊት ነበር። አረጋውያኑን በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን እናገላብጣለን፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ከንጋቱ 3 ሰዓት ዙር በኋላ እስከ 5 ሰዓት ድረስ ጥሪ ካልበዛ ጸጥታ ነው። መጽሐፍ ማውጣት ስለማይፈቀድልን በሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ በትንንሽ ካርድ የጻፍኳቸውን እይዛለሁ፤ በአንዱ ገጽ ጥያቄ፣ በሌላው መልስ። ካርዶቹ የሳኒታይዘርና የጓንት ዱቄት ሽታ ነበራቸው፤ ጫፋቸው ተልጦ ለስልሶ ነበር። በሌሊት አሥር ካርድ ካለፈልኝ ጥሩ ሌሊት ነው። ከዚያ የሚበልጥ የጥናት ዘዴ አልነበረኝም።

ሁለተኛው ልጄ በ2016 ሲወለድ ከመውለዴ ሁለት ወር አስቀድሜ ሬጅስትራር ሄጄ የአንድ ሴሚስተር ፈቃድ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ይህን ማድረግ የሚጠቅመው፣ ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ ሲመለስ እንደ አዲስ አመልካች ሊቆጠርና አዲሱ ካታሎግ የጨመራቸው ኮርሶች ሊጫኑበት ስለሚችሉ ነው፤ ፈቃድ የወሰደ ግን በነበረበት ይቀጥላል። የመጀመሪያው ልጅና ያልተከፈቱት ፖስታዎች ከሦስት ዓመት ጋር ተያይዘዋል፤ የሁለተኛው ልጅ ግን አምስት ወር ብቻ ወሰደብኝ።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ልጨምር። ፔል ግራንት ከ2012 ሐምሌ ወዲህ በሕይወት ዘመን ከአሥራ ሁለት ሙሉ ሴሚስተሮች በላይ አይሰጥም። ይህን ሰምተው ዓመታት ስላለፉባቸው አልቆብኛል ብለው የሚተዉ አሉ፤ ነገር ግን የሚቆጠረው የወሰዳችሁት መጠን እንጂ የዓመቱ ብዛት አይደለም፤ በግማሽ ጊዜ የተማረ ሰው የሚቀነስበትም በዚያው ልክ ነው። ብድር ያለባችሁ ደግሞ ከግማሽ ጊዜ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከ6 ክሬዲት፣ በታች ከወረዳችሁ ከስድስት ወር በኋላ መክፈል እንደምትጀምሩ አስታውሱ። ለትምህርት ከሚሰጡት የግብር ቅናሾች አንደኛው በአራት ዓመት ያበቃል፤ ላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት የሚባለው ግን የዓመት ገደብ የለውም፤ አንድ ኮርስ ብቻ የወሰደ ሰው እንኳ ሊጠይቀው ይችላል። እኔ ሁለተኛውን ሦስት ዓመት ሳልጠይቀው አልፌዋለሁ።

የመጨረሻው ሴሚስተር በ2020 ጥር ተጀመረ። እናቴ ለምርቃቱ እንድትመጣ የቪዛ ቀጠሮ ይዘንላት ነበር፤ መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ቀጠሮውም ምርቃቱም ተሰረዘ። የመጨረሻውን ፈተና የወሰድኩት ልጆቼ በተኙበት መኝታ ቤት ወለል ላይ ላፕቶፕ ይዤ ነው። ዲግሪው ሐምሌ ላይ እንዳይታጠፍ በካርቶን ተጠፍጥፎ በፖስታ መጣ። ነጭ ፖስታ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው አርማ ያለበት። ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ ሊቀበለኝ ሲል አይሆንም አልኩትና እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ራሴ ከፈትኩት።

ሥራ ስፈልግ በማመልከቻዬ ላይ የተመረቅኩበትን ዓመት ብቻ ጻፍኩ፤ የጀመርኩበትን መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት አለቃዬ ለሲፒኤ፣ ማለትም ለተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ ፈቃድ፣ ፈተና ለምን አልዘጋጅም ብላ ጠየቀችኝ፤ ለፈቃዱ 150 ክሬዲት ያስፈልግ ነበር፤ ከዲግሪው 30 የሚበልጥ። ሰዎች ለዚህ ሲሉ ማስተርስ ይማራሉ። እኔም ትራንስክሪፕቶቼን ሰብስቤ ደመርኩ፤ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጁ 77፣ ከዩኒቨርሲቲው 64፤ ጠቅላላው 141 ሆነ። ለዲግሪው አልጠቀሙም የተባሉት አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ፣ ከአገር ቤት ካመጣኋቸው ጋር፣ እዚህ ግን ተቆጠሩልኝ። ዘጠኝ ክሬዲት፣ ሦስት ኮርስ ነበር የቀረኝ። በሴሚስተር አንድ አንድ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ወሰድኳቸው።